በሽማግሌዎች ፊት የተነበበው ደብዳቤ

ጉለሌ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘርትሁን፣

ከእንጦጦ ማርያም አንስቶ ታች እስከ ወንዙ ድረስ በእጅ ጽሕፈት የሚወዳደረኝ ሰው የለም። ይህን ያሉት የኔታ ናቸው። ኧረ እሳቸውም እንዲህ አላሉም፤ ያሉት «ባጫ፣ ከሁሉ አንተ ትሻላለህ» ነው። በማታው ትምህርት የቀረነው ደግሞ ሦስት ሰዎች ነን፤ አንደኛው ሀ ሁን ሳያጋምስ እንቅልፍ ይወስደዋል። ቢሆንም ቢሆንም! ይህን የምታነቢው የገዛ እጄ የጻፈው ነው። ደበላ ቢያይ «ባጫ ጻፈ? ታዲያ በቅሎዬስ መቼ ልትጽፍ ነው?» ይል ነበር።

እንደምን ከርመሻል? ቡና ነጋዴው ሸፊ ጆንያውን አራግፎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ዘርትሁን እኛ ቤት ናት፣ ጅማ፤ ሚስቴ ኡሙሀኒ እንደ እህቷ ይዛታለች» ሲለኝ የያዝኩትን የዱቄት ጆንያ እግሬ ላይ ለቀቅሁት። አሁንም አነክሳለሁ። ሃያ ወር ሙሉ በሕይወት መኖርሽን ሳናውቅ ኖርን። የሚስቴን የሾዴን እልልታ ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በእጄ ያዝኩት፤ በኋላ ነከሰችኝ።

በሸፊ በኩል መጀመሪያ የጠየቅሽው ስለ ባልሽ ስለ ደበላ ነው። ቀብረነዋል። የት እንደሆነ ስትመጪ አሳይሻለሁ። ከዚህ በላይ ዛሬ እጄ አይጽፍም፤ ትምህርቱን ገና አልጨረስኩም በዪው።

ስለ ልጅሽ ስለ እሌኒ ልንገርሽ። በዚያ የየካቲት ዕለት «ደበላን ፈልጌ እስክመጣ ያዙልኝ» ብለሽ በወፍጮ ቤቱ በር ትተሻት ሄድሽ። ፍጅቱ የቆየበትን ሦስቱን ቀን ከዱቄት ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥናት። ታለቅስ ነበር። ልቅሶዋ ወደ መንገድ እንዳይወጣ የቦዩን ውሃ ለቅቄ ወፍጮውን አስነሳሁት። የሚፈጭ እህል አልነበረም። ሦስት ቀን፣ ቀንና ሌሊት፣ ድንጋዩ ባዶውን ዞረ። ወፍጮ የሚያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ እብድ ነህ ይለኛል፤ ድንጋይ ድንጋይን በላው። ልጅቷ ግን ተረፈች። አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። አንቺ መኖርሽን ስነግራት ሮጣ ወጥታ መንገዱን አየች። ጅማ ከጉብታው ጀርባ መስሏት ነው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። ጣልያኖቹ ወላጅ የሌለው ልጅ ሁሉ ተመዝግቦ ወደ ማሳደጊያ ቤት ይግባ የሚል ትእዛዝ አውጥተዋል። አስተርጓሚው «ለልጆቹ ጥበቃ ነው» ይላል። የጎረቤታችንን የሙሉን የወንድም ልጆች፣ ሁለቱንም፣ በማኪና ጭነው ወሰዷቸው። ሙሉ ሦስት ጊዜ ሄዳ ብትጠይቅ «ተዛውረዋል» ብቻ አሏት። ወዴት? ተዛውረዋል። በቃ። ለእሌኒም በሚመጡት ወራት ይመጣሉ። «እናቷ አለች» እንዳልል ስምሽ ከሚፈለጉት መዝገብ ላይ ነው፤ አንቺን አምጣ ይሉኛል።

አንድ ቀዳዳ አለ። በአገሬው ልማድ፣ በሽማግሌ ፊት ልጅ የሆነ አይነካም ብለዋል ጣልያኖቹ። ደበላ ጎሳዬ ነው፤ ስለዚህ እሌኒን በጉዲፈቻ ልወስዳት እችላለሁ። የሽማግሌዎቹን አለቃ አባ ለታን ጠየቅኋቸው። «አባት ከሞተ የእናት ቃል ይምጣ» አሉ። የኛን ሕግ ታውቂዋለሽ፤ ጉዲፈቻ የገባ ልጅ ከሆድ እንደ ወጣ ነው፤ ከወለዱት ጋር እኩል ይወርሳል፣ ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ ቃልሽን ላኪልኝ። ከባድ ነገር እንደጠየቅሁሽ አውቃለሁ። ሸፊ በመጣ ቁጥር ከቡናው ጆንያ ውስጥ እፈልጋለሁ።

ወንድምሽ ባጫ (ይህን ስም ራሴ ጻፍኩት)

ጅማ፣ ኅዳር 29 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለጋሼ ባጫ፣

በአምላክ ስም ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ለእትዬ ሾዴም። ጽሕፈትዎን ሳይ ሳቅሁ፣ ከዚያ ስለ ደበላ ካሉት ላይ ደረስኩ። እዚያው አቆምኩና በሦስተኛው ቀን ቀጠልኩ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከኡሙሀኒ ጋር መከርን። «ልጅሽ በሕይወት ትኑር እንጂ የማንም ትባል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ነገር ግን ጋሼ፣ እሌኒን አልሰጥም ማለት አልችልም፤ ሰጥቻለሁ ብሎ መጻፍም እጄ እንቢ አለኝ። የምችለው ይህን ነው። እስክመጣ ድረስ የእርስዎና የእትዬ ሾዴ ልጅ ትሁን። ስም ቢያወጡላት ያውጡላት። እስክመጣ ድረስ ማንም እንዳይነካት በሽማግሌዎች አምላክ እለምናለሁ። ይህን ለአባ ለታ ያንብቡላቸው፤ አንድ ቃል ሳይጎድል፣ አንድ ቃል ሳይጨመር።

የቀሚሷን ጫፍ ማኘክ ትታለች ወይ? ስለ እኔስ ትጠይቃለች? ይህን ሁለቱን ብቻ ይንገሩኝ።

ዘርትሁን

ጉለሌ፣ ጥር 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘርትሁን፣

ሆነልን! ልጅሽን ማንም አይወስዳትም።

ደብዳቤሽን በጥር አሥራ ስድስት በግቢዬ አነበብኩ። አሥራ አንድ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም ፊደል አይለዩም። እኔ በመካከላቸው ቆሜ ወረቀቱን እንደ ዲያቆን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ምን ልበልሽ፣ እንዲህ ያለ ንባብ ጉለሌ ሰምቶ አያውቅም። አባ ለታ አለቀሱ። አባ ለታ እኮ ወንድማቸው ሲሞት እንኳ ያላለቀሱ ሰው ናቸው! ለምን አለቀሱ ትዪ ይሆናል፤ የአነባበቤ ነገር ነው።

ከዚያ እንደ ደንቡ ሆነ። በግ ታረደ፤ ከቆዳው ቀጭን ጠፍር ቆርጠው ከልጅቷ እጅ አሰሩላት። እኔም ማልኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ከሆዴ የወጣች ልጄ ናት፤ ሌላ ልጅ ብወልድ ከእሷ አላስበልጥም።» የኔና የሾዴ ቤት ልጅ አይቶ እንደማያውቅ ታውቂያለሽ፤ ሾዴ ጠፍሩ ሲታሰር ዓይኗን ከልጅቷ እጅ አልነቀለችም። ስሟ ደራርቱ ተባለ። የሠፈሩ ሹም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጠን። በአራተኛው ቀን አስተርጓሚው ከሁለት ወታደሮች ጋር መጣ።

«ወላጅ አልባዋ የታለች?»

«እዚህ ቤት ወላጅ አልባ የለም። ደራርቱ ባጫ ናት ያለችው።»

«መቼ ወለድካት?»

«ባለፈው ማክሰኞ። ምጡ ከባድ ነበር።»

አስተርጓሚው ሊስቅ ሲል ወታደሮቹን አይቶ ተወው። ማኅተሙን አገላብጠው አዩና ሄዱ። እነሱ ከሄዱ በኋላ የበሩን መቀርቀሪያ ሦስት ጊዜ ሄጄ አየሁት፤ ይህን ለሾዴ አልነገርኳትም።

ቀሚስ ማኘኳን ትታለች። ሌላው ጥያቄሽ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ሸፊ ደግሞ አጋሰሱን ጭኖ በር ላይ ቆሞ «ቶሎ በል» እያለኝ ነው። በሚቀጥለው።

ወንድምሽ ባጫ

ጅማ፣ መጋቢት 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለጋሼ ባጫ፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከደብዳቤዎ ወታደሮቹ የሄዱበትን ቦታ ለኡሙሀኒ ሳነብላት ሁለታችንም ሳቅን፣ አለቀስንም። ውለታዎን በምን እመልሳለሁ?

ቢሆንም ጋሼ፣ ደስታዬ ሙሉ አልሆነም። ጥያቄዬን አልመለሱልኝም። የላክሁላትን ሻሽ አስራዋለች? ሸፊ ልጄን አይቶ ቁመቷን እንዲነግረኝ ለምኜው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሲመጣ ደጅ ላይ አነጋግረው ሸኙት። አንድ ጊዜ «ተኝታለች» አሉት፤ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ታማብኝ ነው? ከታመመች አይደብቁኝ። የተደበቀ ነገር ከሩቅ ሲያስቡት ይበልጥ ያስፈራል።

ዘርትሁን

ጉለሌ፣ ግንቦት 2 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘርትሁን፣

አልታመመችም። በማርያም! ቁመቷ ከወፍጮው ዘንግ አልፏል። ሻሹን ሾዴ ከሣጥን አስቀመጠችው፣ እንዳይቆሽሽ። ሸፊን በደጅ ያነጋገርኩት ሰላይ ስለበዛ ነው። ሰላይ እንኳ ባይበዛ… እ… ማለቴ፣ በዝቷል።

የወፍጮውን ወሬ ላውራሽ። ድንጋዩ ከዚያ ወዲህ አልዳነም። ሁለት ጊዜ አውርጄ ወቀርኩት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ዱቄቱ አሸዋ ይዞ ይወጣል። ደንበኞቼ ያጉረመርማሉ። አንዷ ሴትዮ ትናንት «ባጫ፣ እህሉን ነው ወይስ ወፍጮውን የምትፈጨው?» አለችኝ። ለሴትዮዋ መልስ አላጣሁም ነበር። ግን አሸዋውን በጥርሴ መካከል ባገኘሁት ቁጥር የትኛው ቀን እንደሆነ አስባለሁ፤ የመጀመሪያው ቀን ይሆን፣ ሦስተኛው? በሉ ብዬ የሰጠሁትን ጉለሌ ሁሉ ይበላዋል። ያን ሦስት ቀን የማይበላ ሰው እዚህ ሠፈር የለም።

ልጅቷ ወፍጮው ሲዞር ጨዋታዋን ትጫወታለች። በጋ ሆኖ ቦዩ ሲደርቅና ድንጋዩ ሲቆም ግን ከያዘችው ነገር ቀና ብላ «አሁን ደግሞ ማን ሞተ?» ትላለች። በየካቲት መጨረሻ ውሃው ሳስቶ እንኳ ለሰማንያ ሰው የሚበቃ ዱቄት መፍጨት ነበረብኝ። ጠብ ጠብ በምትል ውሃ አራት ቀን ፈጀብኝ። ለምን እንደሆነ ስትመጪ እነግርሻለሁ።

ደግሞ ማንበብ አስጀምሬያታለሁ። የኔታ «መምህሩን ትበልጣለች» ብለዋል። አላመንኳቸውም። አሁን አሁን ግን ሳምናቸው ደስ የሚለኝም የማይለኝም ነገር አለ።

ስለ አንቺ ትጠይቃለች ወይ ላልሽው፣ እንዴት ብዬ ልመልስልሽ፣ ልጅ የሆነ ሁሉ የሚጠይቀው አያልቅም።

ወንድምሽ ባጫ

ጅማ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለጋሼ ባጫ፣

እንኳን ለዚህ ቀን አበቃን! እዚህም ጣልያን ወጣ። መዝገቡም፣ የስሜ መፈለግም አብሮ ቀረ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሸፊ «ክረምቱ ይለፍ» ብሎኛል። በመስከረም፣ ከመስቀል በፊት፣ ጉለሌ እገባለሁ።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሌላ አምስት ደብዳቤ ጻፉልኝ። ሁሉንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም ስለ ወፍጮ ነው። አልቀየምኩም። ልጄን ያተረፈ ሰው ቢፈልግ ዕድሜ ልኩን ስለ ወፍጮ ይጻፍልኝ። የጉዲፈቻውንም ሕግ አልረሳሁም፤ ለአባ ለታ «እስክመጣ» ማለቴን ያስታውሱልኝ። ለእትዬ ሾዴ ከእሷ ነጥቄ እንደማልሄድ ይንገሯት፤ እዚያው ከአጠገባችሁ ጎጆ እቀልሳለሁ። ሁለት እናት ያላት ልጅ አይጎዳትም።

ለእሌኒ እንደምመጣ ይንገሯት። መንገዱን ታውቀዋለች፣ ከጉብታው ጀርባ ነው።

ዘርትሁን

ጉለሌ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘርትሁን፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ወረቀት ውድ ባይሆን አምስተኛም እቀድ ነበር። ጨዋታ የለበትም፤ ታገሺኝ።

እንደምትመጪ ለልጅቷ መንገር ነበረብኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ በየማለዳው አፌን ከፍቼ ስለ ዝናብ አወራሁ። ትናንት ከቦዩ ስመለስ እሌኒ በወፍጮ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ ወረቀት ይዛለች። ሾዴ የዱቄት ሣጥኑን ስትጠርግ ከሥሩ አግኝታ ሰጥታት ነው፤ «እስቲ ይህን አንብቢልኝ» ብላ። በኅዳር የጻፍሽው፣ ለሽማግሌዎቹ ያነበብኩት ደብዳቤሽ ነው። ማቃጠል ነበረብኝ። የእጅሽ ጽሕፈት ስለሆነ እንቢ አለኝ።

«አባዬ፣ ይህ በጉ የታረደ ቀን ያነበብከው ነው?»

«አዎ።»

«እማዬ የሞተችው የቱ ጋ ነው?»

እኔ! ለወታደር እንኳ መልስ ያላጣሁ!

«ፊደሉ ደብዝዞ ይሆናል» አልኳት።

«አልደበዘዘም። ሁሉም ይነበባል።»

ጣቷን በየመስመሩ እያስኬደች ከላይ እስከ ታች ፈለገች። እንደገና ከላይ ጀመረች። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ባዶ ነው። ወደ ብርሃኑም አነሳችው። የምትፈልገውን ነገር ማግኘት ትፈልግ እንደሆነ ወይም እንዳታገኘው ትጸልይ እንደሆነ ከፊቷ መለየት አልቻልኩም።

«የለም እኮ፣ ጋሼ ባጫ።»

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ጋሼ አለችኝ። ሾዴ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች።

«ለእሷ ብለህ ነው ወይስ ለእኛ?» አለችኝ።

«ለእሷ።»

«ባጫ!»

«መጀመሪያ ለእሷ ነበር።»

አሁን የሆነውን ሁሉ እወቂው። አባ ለታ አስቀድመው አስጠንቅቀውኝ ነበር። «እስክመጣ የሚል ቃል እንዳታመጣብኝ። ጉዲፈቻ ውሰት አይደለም። እናቲቱ አለች ከተባለ ደግሞ ጣልያኖቹ እኛኑ ይጠይቁናል» ብለውኛል። ደብዳቤሽ በሸፊ እጅ የመጣ ዕለት ይህን አውቅ ነበር። ሌላ ደብዳቤ እንዳላስመጣ ጊዜ አልነበረም፤ በዚያው ሳምንት ከታችኛው ሠፈር ሌሎች ሦስት ልጆች ተጭነዋል። በደብዳቤሽ ላይ ቃል የጨመርኩት ለዚህ ነው። አሥራ አንዱም አመኑኝ፤ ብቸኛው አንባቢ እኔ ነኛ።

የረሳሁት ነገር ልጅቷን ነው። እንደ ደንቡ በመካከላችን፣ በሾዴ ጭን ላይ ተቀምጣ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ሁሉም እኔን ያየኛል። እኔም ንባቤ አምሮልኝ ኮርቼ ዙሪያዬን ሳይ ዓይኗን አገኘሁት። የቀሚሷን ጫፍ ከአፏ አወጣችው። ከዚያች ቀን ወዲህ አላኘከችም፤ ትታለች ብዬ የጻፍኩልሽ እውነት ነው። ስለ አንቺም አልጠየቀችም። የሞተ ሰው መቼ ይመጣል ተብሎ አይጠየቅም። ይኸው የዘገየው መልስሽ።

ሾዴም አመነች። በአርባኛው ቀን ተዝካርሽን አወጣን። ሰማንያ ሰው በላ። ዱቄቱን በዚያች ጠብ ጠብ በምትል ውሃ አራት ቀን የፈጨሁት እኔ ነኝ። እንግዶቹ አሸዋ አለው እያሉ «ነፍስ ይማር» አሉ፤ እኔም «አሜን» አልኩ። ጅማ ተቀምጠሽ ሻሽ እየሰፋሽላት ሳለ። ሸፊን ከደጅ የምመልሰው አንቺ መኖርሽን እንዳይናገር ነው።

ዛሬ ጠዋት አባ ለታ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። በትራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ።

«እናቲቱ መጥታ ትወስዳታለች?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ሕጉ አይመለስም ይል የለም?»

«ሕጉ የሰማው ያንተን አፍ ነው። አሁን ሄደህ ጠይቃት።»

«ማንን? ዘርትሁንን?»

«ልጅቱን ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ!»

እውነታቸውን ነው። በእሷ ጉዳይ የጣልያን ትእዛዝ ተናገረ፣ የእኛም ሕግ ተናገረ፣ አንቺ ጻፍሽ፣ እኔ አነበብኩ። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ «አንቺስ?» አላላትም። አሁን መንግሥታችን ተመልሷል፤ አንድ ቀን ስለ ልጆች ሕግ የሚጽፍ ሰው ይመጣ ይሆናል። ቢመጣና የወፍጮ ቤት ሰው ምክር ቢሰማ፣ በልጅ ፊት የሚነበብ ሁሉ እንደ ተጻፈ ይነበብ፣ ልጁም ይጠየቅ ብሎ ያስገባልኝ። ለቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ። ደብዳቤሽን ይህን ጊዜ የምታነበው እሌኒ ራሷ ናት። ያን ጊዜ የምትለው ይሆናል። ከእኔ ዘንድ አልኖርም ብትል ጠፍሩን በገዛ እጄ እፈታዋለሁ፤ ሾዴም እሺ ብላለች። እሺ ያለችበትን ድምፅ ግን ባልሰማሁት ደስ ባለኝ።

አንድ ልመና አለኝ። ስትመጪ በድንገት በሩን አታንኳኪ። ሠፈሩ ተዝካርሽን በልቷል፤ የሚያይሽ ሁሉ ያማትባል። እሌኒም ትምጣ ትበል እንጂ እየፈራች ነው። ዛሬ ወፍጮውን አቁሜዋለሁ። ጸጥታው ውስጥ ደፉ ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን ጫፍ እያኘከች ጉብታውን ታያለች። በሩቁ ጀምረሽ ስሟን ጥሪ፣ የድሮውን ስሟን፣ ድምፅሽ አስቀድሞ ይድረሳት።

በደብዳቤሽ ላይ የጨመርኩት ብዙ አይደለም። ሰላምታው ያንቺ ነው፤ ልመናውም። «እስክመጣ ድረስ» ከሚለው ስደርስ ቀና ብዬ የአባ ለታን ፊት አየሁ። ከዚያ ዓይኔን ወደ ወረቀቱ መለስኩና በዚያ ቃል ፈንታ እዚያ ያልነበረውን አንድ መስመር፣ ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ፣ ሳልደናቀፍ አነበብኩት፦ «ሕመሜ ጸንቷል፤ ይህ ሲደርሳችሁ እኔ የለሁም።»

ባጫ